አንድም ፊደል ሳይሳሳቱ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የሆስፒታል መሣሪያዎችን በመጠገን የምትተዳደር አንዲት ሴት አምፖል ልትገዛ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባች። ከፊቷ የተሰለፉት ሽማግሌ ባለስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ በብብታቸው ሸጉጠው፣ የጠረጴዛ ማራገቢያ በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ሻጩን ስለ ገመዱ ይመረምሩታል።

«ሌት ተቀን ሳያርፍ ቢሠራ ይችላል ወይ?»

ድምፁን ለየችው። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«አጎቴ፣ ማንን ነው ሌት ተቀን ሊያሠሩ ያሰቡት?» አለች።

ሽማግሌው ዞር ብለው ሲያዩዋት ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ማራገቢያውን ወደ ጀርባቸው ሊደብቁት ሞከሩ። እኚህ ሰው አርባ ዓመት በፍርድ ቤት ታይፒስትነት አገልግለዋል። ዳኞች ተለዋወጡ፣ የጽሕፈት መኪናውም በኮምፒውተር ተተካ፤ እሳቸው ግን ከፊታቸው የተቀመጠላቸውን ወረቀት አንዲት ነቁጥ ሳያዛንፉ የመገልበጥ ሙያቸውን እንደያዙ ጡረታ ወጡ። ስለሚገለብጡት ነገር ሐሳብ ሲጠየቁ «እኔ የተቀጠርኩት ለጣቴ ነው» ይሉ ነበር። ክርክር ሲሰለቻቸው «አራት ነጥብ» ብለው ስለሚነሡ ሰፈሩ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። እሳቸው ደግሞ የእህታቸውን ልጅ «መሐንዲሷ» ብለው ሰይመዋታል፤ በሰባት ዓመቷ የሬዲዮናቸውን ሆድ ዕቃ ምንጣፍ ላይ ዘርግፋ ስላገኟት ነው።

«ኮምፒውተሩን ነዋ፣ መሐንዲሷ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዲጂታል ገንዘብ እያወጣሁበት ነው። ማይኒንግ ይሉታል፤ ማሽኑ ስሌት ሲሠራ ይውላል፣ ለስሌቱ ይከፈለዋል።»

መሐንዲሷ አምፖሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ቅዳሜዋ እዚያው ላይ እንዳበቃ ገባት።

ዕቃቸውን ተቀብላ አብራቸው ወጣች። ገና ከመደብሩ ደጃፍ ሳይርቁ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ማን አስጀመረዎት?»

«ማንም። ራሴው። ዱሮ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ በጥቁር መስኮት ትእዛዝ መጻፍ ነበረበት አሉ። አሁን ባለ ሥዕል ፕሮግራም ወጥቶለታል። የሚሞሉ አራት ክፍት ቦታዎች አሉት፤ ሞልተሽ ‹ጀምር› የሚለውን መጫን ነው። የቀረውን እሱ ያውቃል። ቅጽ መሙላት ያቅተኛል ብለሽ ነው?»

«መሙላቱንማ ማን ይደርስብዎታል። ምን ያህል አገኙ?»

«ገና ነው።»

«ከጀመሩ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«በአሥራ ዘጠኝ ቀን ምንም?»

«መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ይከፈላል። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩት በሦስተኛው ወር ነው።»

«አጎቴ፣ ይሄ እኮ መሥሪያ ቤት አይደለም። ደግሞስ ምን አስቸኮለዎት? ጡረታዎ ለሁለት ሰው ይበቃል።»

ሽማግሌው ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳደረጉ፣ «የእትዬሽ ጆሮ ነው» አሉ። «ብሶባታል። መጀመሪያ ያሰብኩት ለሌላው ጆሮዋ ሁለተኛ መሣሪያ ልገዛላት ነበር፤ የዛሬ ወር በዚያች በአንዷ የመስሚያ መሣሪያ ደህና ትሰማኝ ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ስጠራት ግድግዳ ነው የማናግረው። ለሁለቱም ጆሮ የሚሆን አዲስ መሣሪያ ልገዛላት ነው። ያጠራቀምኳት አትበቃም። ስለዚህ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ኮምፒውተር ያመጡልኛል። በሁለት ሲሆን ይፈጥናል።»

«ሁለተኛውን በምን ገንዘብ ነው የሚገዙት?»

«በዚያችው ባጠራቀምኳት ነዋ።»

መሐንዲሷ ማራገቢያውን እንደታቀፈች መንገድ መሐል ቆመች። ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ታላቅ ናቸው፣ ለሚስታቸው ብለው ነው፣ ሰዓቱም ገና አራት ተኩል ነው። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ «ይሁን፤ እስቲ መጀመሪያ ማሽኑን ልየው» አለች።

በአነስተኛ ዕውቀት የሚጀመር ሥራ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ሰው ሲወድ ይደፍራል፤ ድፍረቱም ያስመሰግነዋል። የሚያስቸግረው፣ ድፍረቱ ከመጠየቅ የሚያሳርፍ የመሰለው እንደሆነ ነው።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሐንዲሷ የማሽኑን ድምፅ ገና ሁለተኛው ላይ ሳለች ሰማችው። በሩ ሲከፈትማ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ሳሎኑ ይሞቃል። ኮምፒውተሩ በሶፋውና በመስኮቱ መካከል ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ አንድ የቆየ የጠረጴዛ ማራገቢያ ፊቱን ወደ ተከፈተው ሆድ አዙሮ ይነፍስበታል። ከማሽኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ እትዬ፣ የአጎቷ ባለቤት፣ ሻሻቸውን እስከ አንገታቸው አጥብቀው አስረው አሮጌ ሹራብ ይተረትራሉ። ብድግ ብለው ጉንጯን ሳሟት።

«እንዴት ሰነበቱ፣ እትዬ?»

«አዎ፣ አዎ» አሉ ፈገግ ብለው።

«ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ።»

አጎቷ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አየሽ?» አሏት። ሐዘናቸው የእውነት ነበር።

መሐንዲሷ ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከስክሪኑ ጎን፣ ከፍርድ ቤት በስንብት የተሰጣቸው የወረቀት ማቆሚያ ላይ፣ ከኢንተርኔት የታተመ አሥራ አንድ ገጽ መመሪያ በመቆንጠጫ ተይዟል። ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ ተከፍቷል፤ አረንጓዴ መስመር ይወጣል ይወርዳል፣ ከታች «በመሥራት ላይ» ይላል።

«ፕሮግራሙን ከየት አወረዱት?»

«መመሪያው ካለው ቦታ። ሦስተኛ ገጽ።»

«አንቲቫይረሱ ዝም አለዎት?»

«ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። መመሪያው ደግሞ ‹ያጥፉት› ይላል። አጠፋሁት።»

«ለምን አጥፉ እንዳለ አነበቡ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ጠበቃ ነኝ?»

መሐንዲሷ ጥርሷን ነከሰች። «አጎቴ፣ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አንቲቫይረስ በከንቱ የሚጠረጥርበት ጊዜ አለ፤ እሱ እውነት ነው። ግን የቤትዎን በር ቁልፍ የሚነቅሉት ማን እንደሚገባ ካወቁ ብቻ ነው። ዘበኛውን አሰናብተው በሩን ክፍት አድርገው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጡ።»

«የገባ ሰው የለም እኮ።»

«ይሄኛው ዕድል ነው። እሺ፣ ቦርሳውን ያሳዩኝ። ዋሌት የሚሉትን።»

«እሱንማ በደንብ ነው የያዝኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ደስ እያላቸው። «ስከፍተው ሃያ አምስት ቃል ሰጠኝ። ወዲያው በሦስት ኮፒ አወጣሁት። አንዱ ፋይል ውስጥ ነው። አንዱ ማቀዝቀዣው በር ላይ። አንዱን በአደራ ታች ላለው ፀጉር አስተካካይ ሰጠሁት።»

«ለፀጉር አስተካካዩ።»

«እንዳይጠፋበት መስተዋቱ ጥግ ላይ ለጥፎታል። ጠንቃቃ ሰው ነው።»

መሐንዲሷ ለአፍታ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «እነዚያ ቃላት የቦርሳው ቁልፍ ናቸው። ያያቸው ሰው ሁሉ፣ ከየትም ሆኖ፣ ያለውን አውጥቶ ይሄዳል። የሚመልስልዎት ባንክ የለም፣ የሚከሱት ሰው የለም። እርስዎ ፂሙን ሊላጭ ለሚመጣ ሁሉ አድለውታል።»

«ታዲያ ማን ወሰደ? ምንም አልጎደለም።»

«ምን አለና ይጎድላል? ባዶ እኮ ነው።»

«መዝገብ ያለ ኮፒ አይያዝም» አሉ ሽማግሌው። «አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። አራት ነጥብ።»

«አልጨረስንም፣ አጎቴ። ባዶ የሆነበትን ምክንያት እንፈልግ።»

የዋሌቱን መስኮት ከፕሮግራሙ መስኮት ጎን አስቀመጠች። እንዲህ ባለው ሥራ ማሽኑ ያገኘው ገንዘብ የሚላከው በአንድ ረጅም አድራሻ ነው፤ ዘጠና አምስት ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ምንም ትርጉም የሌለው ሰንሰለት። ፕሮግራሙ ከሚያስሞላቸው አራት ቦታዎች ዋነኛው እሱ ነው። መሐንዲሷ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ተመልሳ አንደኛውን አየች።

«ይሄ አድራሻ የእርስዎ አይደለም።»

«እንዴት አይሆንም? በእጄ ነው የጻፍኩት። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል።»

«ከየት አይተው?»

«ከመመሪያው ነዋ። ሰባተኛ ገጽ፣ ሥዕሉ ላይ።» ወረቀቱን ከመቆንጠጫው አላቀው ማስመሪያ አስደገፉበት። «በይ ቁጠሪ። አንድ ስሕተት ካገኘሽ ጣቴን ቁረጪው።»

መሐንዲሷ ቆጠረች። ትልቁ ፊደል በትልቅ፣ ትንሹ በትንሽ፣ ዜሮው በዜሮነቱ፤ ዘጠና አምስቱም ልክ ናቸው።

«የለም» አለች። «ችግሩ ይሄው ነው። አንድም ፊደል አልተሳሳቱም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ለምሳሌ ያህል ያስገባውን የራሱን አድራሻ ነው የገለበጡለት። ይሄ ማሽን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያገለገለው እሱን ነው።»

ሽማግሌው ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ቀላ። «ሌባ ነዋ» አሉ። «እንዲህ አድርጎ ነው ሰው የሚያጠምደው።»

«ከሥዕሉ ሥር ያለውን ያንብቡት።»

«የግርጌ ማስታወሻ ነው።»

«ያንብቡት እስቲ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ‹በሥዕሉ ላይ የሚታየው የእኔ አድራሻ ነው፤ እባክዎ የራስዎን ያስገቡ› ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛው ላይ ወረቀቱን አስቀመጡት።

«ሌባ የለም፣ አጎቴ» አለች መሐንዲሷ፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል። «ሰውየው በጨዋነት ነግሮዎታል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አያውቅም፤ ምናልባት በየማለዳው ይገርመው ይሆናል።»

ሰው ሲታለል የሚጽናናበት አለው፤ አታላዩን ይረግማል። የታተመለትን ሳያነብ የፈጸመ ሰው ግን የሚረግመው የለውም። ሽማግሌው ይህን ያህል አንገታቸውን የደፉት ለዚህ ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት የኖረ ልማድ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ አይወድቅም። ቀና አሉ።

«መልካም። አሁን ታወቀ። የኔን አድራሻ አስገቢልኝና ይቀጥል። ሁለተኛውም ይምጣ። ከእንግዲህ የሚገባው ለእኛ ነው።»

ክርክራቸው ሚዛን ያለው ነበርና መሐንዲሷ በንዴት አልመለሰችላቸውም። ከቦርሳዋ የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያዋን አወጣች፤ እንደ ሐኪም የልብ ማዳመጫ ከእጇ አትለየውም። ኮምፒውተሩን ለደቂቃ አጥፍታ መለኪያውን በሶኬቱና በመሰኪያው መሐል አስገብታ መልሳ አስነሣችው። ከዚያ ያ ማሽን እስከ ዛሬ ለሰውየው ያስገባለትን ገንዘቡን ከሚያከፋፍለው ድረ ገጽ ላይ አውጥታ አሳየቻቸው።

«ሥራው ሐሰት ነው አልልዎትም። ርካሽ መብራትና አዲስ ማሽን ያለው ሰው ይሠራበታል። የእርስዎ አሮጌ ነው። ለመብራት የሚከፍሉት ከሚያገኙት ሦስት እጥፍ ነው። ሁለት ማሽን ቢያደርጉት ኪሳራውን ነው በሁለት የሚያባዙት።»

«ዋጋው ሊወጣ ይችላል ይላሉ።»

«ሊወርድም ይችላል ይላሉ። የሁለቱንም ተናጋሪዎች አላውቃቸውም። መለኪያውን ግን አውቀዋለሁ።»

«አንቺ የምታወሪው ስለ መብራት ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «እኔ የማወራው ስለ እሷ ነው። ቁጭ ብዬ እስክትደነቁር ልያት? ማድረግ የምችለው ይሄ ብቻ ነው። የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ቅጽ መሙላት ነው የማውቀው፣ ሞላሁ።»

መሐንዲሷ ወደ እትዬ ዞር አለች። ሁለቱም ዝም ሲሉ የማራገቢያው ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ጥርሷን ያንገጫግጨው ጀመር። ያን ጊዜ ነው የገባት። እሷ ጤነኛ ጆሮ ይዛ በአንድ ሰዓት እንዲህ ከሆነች፣ ድምፅን ሁሉ አጉልታ የምታሰማ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ያደረገ ሰው ምን ይሆናል?

«አጎቴ፣ እትዬ መስማት ያቆሙት መቼ ነው ያሉኝ?»

«ሦስት ሳምንት ገደማ።»

«ይሄን ማሽን ያስነሡትስ?»

የሽማግሌው ከንፈር ሲቆጥር ታያት።

«እስቲ ለአፍታ ያጥፉት።»

«እንደገና? ይቋረጣል እኮ።»

«ምን ይቋረጣል? የሰውየው ገቢ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ‹አቁም› የሚለውን ተጫኑ፤ ማራገቢያውንም ነቀሉት። ድምፁ እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ። ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ፣ ከላይኛው ፎቅ የሕፃን ሩጫ ተሰማ።

እትዬ የማራገቢያው ክንፍ መቆሙን ሲያዩ ሹራቡን አስቀመጡ። አጠገባቸው ያለውን መሳቢያ ሳቡ፤ ከክር ጥቅልሎች መሐል ትንሿን የመስሚያ መሣሪያ አወጡ። ሻሻቸውን ገልጠው ጆሯቸው ውስጥ አስገቧትና ጥቂት ጠበቁ።

«ተመስገን» አሉ። «ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ እትዬ» አለች መሐንዲሷ። «ይሰሙኛል?»

«ምነው አልሰማሽ? አትጩኺ እንጂ፣ አጠገቤ ነሽ።»

ሽማግሌው ባለቤታቸውን እንደ አዲስ ሰው አዩአቸው። «ይህን ሁሉ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነበር?»

«ምን ላድርገው? ያ ነገር ሲነሣ ራስ ቅሌ ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭብኝ ይመስለኛል። ሳወጣው ጸጥ ይላል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ላንቺ ጆሮ ብዬ ነው› አልከኝ። ለእኔ ብለህ እየለፋህ፣ እንዴት ብዬ ጮኸብኝ ልበልህ? ሲጨርስ ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ። ይጨርሳል አላልከኝም?»

ሽማግሌው የቆመውን ማሽን አዩ። ሚስታቸው የደነቆሩባቸው መስሏቸው ማሽን ሊጨምሩ ተነሡ፤ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ሚስታቸው ራቁ። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

«አርባ ዓመት» አሉ በመጨረሻ፣ «ከፊቴ የተቀመጠውን ነው የገለበጥኩት። የፍርዱን ምክንያት ጠይቄ አላውቅም። ይህን መመሪያ ሳላነበው፣ አንቺንም ሳልጠይቅሽ ገለበጥኩት።» ከዚያ ወደ መሐንዲሷ ዞሩ። «ትክክል ነሽ። ተረታሁ። አሁን ምን ይሁን?»

«መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ። ስምንት ሰዓት ሳይሆን።»

ሽማግሌው ደውለው ሁለተኛው ኮምፒውተር እንዳይመጣ ነገሩ። የኮምፒውተሩ ሻጭ በስልኩ ውስጥ ብዙ አወራ፤ እሳቸው «ወንድሜ፣ አንብቤ ነው» ብለው ዘጉት። ቀጥለው ደረጃውን ወርደው ፀጉር አስተካካዩ መስተዋት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነሡ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን መሐንዲሷ ራሷ ላጠችው። አንቲቫይረሱን መልሳ ከፈተች፣ ኮምፒውተሩን ከዳር እስከ ዳር አስፈተሸች፣ ሆዱንም ከደነችው።

ሰኞ እትዬን ይዛ ወደ ሆስፒታሏ ወሰደቻቸው። ጆሯቸው እንደ ዱሮው ነው፤ ከዚያ አልከፋም። የመሣሪያዋ ቱቦ ተደፍኖ ስለነበር ጠርገው አስተካከሉላቸው፤ ለጊዜው ሌላ መግዛት እንደማያስፈልግ የጆሮ ባለሙያዋ ነገረቻቸው። ሳይባክን የቀረው ቁጠባ ሁለተኛ መሣሪያ በእርግጥ ያስፈለገ ዕለት ይደርሳል።

ለሽማግሌውም ሥራ ተገኘ። የጥገና ክፍሉ በእጅ የተጻፉ የቆዩ መዛግብት ነበሩት፤ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባቸው ሰው ሲፈለግ ከርሟል። መሐንዲሷ አለቃዋን አማከረች፤ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻቸው። «እዚህ መገልበጥ ብቻ አይበቃም። እያነበቡ ይጻፉ፤ ያልገባዎትን ይደውሉልኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ከአዲስ መሣሪያ መሸሽ አይበጅም፤ እኚህ ሽማግሌ ቤት ያለው ኮምፒውተር ዛሬም ይሠራል፣ ይጠቅማልም። የተለወጠው እሳቸው ከፊቱ የሚቀመጡበት መንገድ ነው። ‹ቀጥል› የሚለውን ከመጫናቸው በፊት ከላይም ከታችም ያለውን ያነባሉ። ቁልፍ የሆነውን ነገር ለሰው አያድሉም። የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን በግምት አይተዉም፤ ለክተው ያውቁታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለሰው ብለው የሚያደርጉትን ያንኑ ሰው ይጠይቁታል። ቤቱ ጸጥታ አገኘ፣ የመብራቱ ክፍያ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ባልና ሚስቱም እንደገና መነጋገር ጀመሩ።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ መሐንዲሷ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትቆጥር ስልኳ ጠራ።

«መሐንዲሷ፣ አንድ መዝገብ አስቸገረን» አሉ አጎቷ። «እኔ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው የምጽፈው። እሷ ክሯን እያጠነጠነች ታዳምጣለች። አሁን አስቆመችኝ።»

«ምን አሉ?»

«የአንድ ኦክስጅን መስጫ መዝገብ ነው። አናቱ ላይ ‹ተፈትሿል፣ ደህና ነው› ይላል። ታች ጥግ ላይ በሌላ ሰው እጅ ደግሞ ‹መለኪያው ያሳስታል፣ ለታማሚ አይሰጥ› ተብሏል። እኔ አልፌው ነበር። እሷ ናት ‹ቆይ፣ ቅድም ደህና ነው አላልክም?› ያለችኝ። የቱ ነው እውነቱ?»

መሐንዲሷ የመሣሪያውን ቁጥር ጠየቀቻቸው። እየተነጋገሩ ወደ መደርደሪያው ሄደች። መሣሪያው እዚያው ነው፤ አቧራው ተጠርጎለታል፣ ለነገ ጠዋት ወደ ሕፃናት ክፍል እንዲሄድ ወረቀት ታስሮበታል። ወረቀቱን ፈታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ቆዩኝ፣ አጎቴ» አለች። «ከፍቼ ልየው።»

ከስልኩ ወዲያ፣ ራቅ ብሎ፣ የእትዬ ድምፅ ተሰማት። «ተረጋግታ ትየው በላት። እስክትነግረን ሁለተኛውን ገጽ አንጀምርም።»